ኤፒአይ ስትቀይሩ የድሮውን አፕ እንዳትሰብሩት

አንድ ማታ በኤፒአዬ (አፖች ከሰርቨሩ መረጃ የሚጠይቁበት መንገድ) ምላሽ ውስጥ «ዋጋ» የሚለውን ፊልድ፣ ማለትም ስም ያለውን አንድ መረጃ፣ ቀየርኩት። ድሮ ቁጥር ብቻ ነበር፦ 150። የገንዘቡ ዓይነትም ይታወቅ ብዬ፣ በውስጡ «መጠን» እና «ገንዘብ» ያሉበት ኦብጀክት አደረግኩት። ዌብሳይቱን አብሬ ስላስተካከልኩ እኔ ጋ ሁሉም ሠራ። ሰዎች ስልክ ላይ ያለው የቆየ አፕ ግን ቁጥር ሲጠብቅ ሌላ ነገር መጣበት፤ ሲከፍቱት እየተዘጋ አደረ። ሰርቨሩን በደቂቃ መለስኩት። ስልካቸው ላይ ያለውን አፕ ግን እኔ ላድስላቸው አልችልም ነበር።

ከዚያ ወዲህ አንዴ ለተጠቃሚዎች የወጣ ፊልድ አልነካም። ስሙንም፣ ዓይነቱንም። «ዋጋ» 150 እንደሆነ ይቆያል፤ ከጎኑ «የዋጋ_ዝርዝር» እጨምራለሁ። ትዊተርም እ.ኤ.አ. በ2010 እንዲሁ ነው ያደረገው። የፕሮግራም ቋንቋው ጃቫስክሪፕት ከ53 ቢት (0 ወይም 1 የሆነ አሃዝ) ያለፈ ሙሉ ቁጥር በትክክል አይዝም፤ የትዊቶቹ መለያ ቁጥር ደግሞ ወደዚያ እያደገ ነበር። የድሮውን ፊልድ ሳይነኩ፣ ያንኑ ቁጥር በስትሪንግ (እንደ ጽሑፍ) የያዘ ሌላ ፊልድ ጨመሩ።

ጥያቄ ሲመጣ የምትቀበሉት አዲስ ነገር ደግሞ ግዴታ አይሁን። ካልተላከ ሰርቨሩ እንደ ድሮው ይሥራ።

መጨመርም ቢሆን ሁሌ ደህና አይደለም። የትዕዛዝ ሁኔታ «ተልኳል» ወይም «ደርሷል» ብቻ ከነበረ፣ «ተመልሷል» ስትጨምሩ ሁለቱን ብቻ የሚያውቀው ኮድ ግራ ይገባዋል። የማያውቁት ቃል ሊመጣ እንደሚችል ከመጀመሪያው ቀን ዶክመንቴሽኑ ላይ ጻፉላቸው። ባዶ ውጤት ላይ 404 («አልተገኘም» የሚል የምላሽ ኮድ) ትመልሱ ከነበረም፣ ድንገት 200 («ተሳክቷል») እና ባዶ ዝርዝር አታድርጉት። በዚያ 404 ላይ ኮድ የጻፈ ሰው አለ።

የድሮ ምላሾችን በፋይል አስቀምጡ፤ ከእያንዳንዱ ለውጥ በፊት ቴስቱ ከእነሱ ጋር ያነጻጽር። እኔን ከሁሉም በላይ ያዳነኝ ይሄ ነው።

መስበር ግድ ከሆነ አዲስ ቨርዥን አውጡ፣ አሮጌውም ይሥራ። ሁለት ኮድ ግን አትያዙ፤ ውስጡ አዲሱ ብቻ ይሁን፣ አሮጌውን የሚጠራ ሲመጣ መልሱን በር ላይ ወደ ድሮው ቅርጽ ለውጡለት። የሚዘጋበትን ቀን ሰንሴት በሚባለው ሄደር (ከምላሹ ጋር አብሮ የሚላክ ተጨማሪ መረጃ) ላኩ፤ እ.ኤ.አ. ከ2019 ጀምሮ አርኤፍሲ 8594 በሚባለው የኢንተርኔት ሰነድ ላይ የተቀመጠ ነው። ሄደር የሚያነብ ሰው ግን ጥቂት ነው። ስለዚህ አሮጌውን ማን እንደሚጠራ በኤፒአይ ቁልፉ (እያንዳንዱ ጠሪ የሚለይበት ኮድ) ቁጠሩና ለየባለቤቱ ራሳችሁ ጻፉለት። ቆጠራው ዜሮ ሲሆን ዝጉት፤ ዘግይቶ ለሚመጣም 410 መልሱለት። 404 ካሳያችሁት አድራሻ የተሳሳተ ይመስለዋል፤ 410 ግን ሆን ተብሎ እንደተነሳ ይነግረዋል።