ክራርን በወሎ ቅኝት፦ ከትዝታ እስከ አንቺሆዬ በስድስት ክር

ክራር ላይ ቅኝት፣ ማለትም ስድስቱ ክሮች የሚይዙት የድምፅ አሰላለፍ፣ የሚቀየረው ክሩን በሚያጠብቀውና በሚያላላው መቃኛ ነው። ጊታር የሚጫወት ሰው ክሩን የጊታሩ አንገት ላይ እየተጫነ ያሻውን ድምፅ ያወጣል። ክራር አንገት የለውም፤ ስድስት ክር፣ ስድስት ድምፅ፣ በቃ። በትዝታ ቅኝት ሲጫወት ቆይቶ በባቲ ቅኝት እንዲጫወት የተጠየቀ ሰው ክሩን መልሶ ይቃኛል። ብዙ ጀማሪ ክራሩን በሁለተኛው ሳምንት ግድግዳ ላይ የሚሰቅለውም እዚህ ላይ ተቸግሮ ነው።

ነገሩ ግን የሚፈራውን ያህል አይደለም። 1ኛው፣ 4ኛውና 6ኛው ክር በትዝታም፣ በባቲም፣ በአምባሰልም ከቦታቸው አይነቃነቁም። የሚወጡትና የሚወርዱት 2ኛው፣ 3ኛውና 5ኛው ናቸው። ከዚህ ወጣ የሚለው አንቺሆዬ ብቻ ነው፤ እሱም 4ኛውን ክር ይነካል።

ባቲና አምባሰል የቦታም ስም ናቸው። ባቲ ከኮምቦልቻ በስተምሥራቅ ያለችው፣ የሰኞ ገበያዋ የታወቀው ከተማ ናት። አምባሰልም ከደሴ በስተሰሜን፣ ውጫሌ ያለችበት ወረዳ ነው። ወሎ ውስጥ ያደገ ሰው እነዚህን ቅኝቶች ከሠርግ ቤትና ከገበያ ሰምቷቸዋል። ጆሮው ያውቃቸዋል፤ የሚቀረው እጁ ነው።

ክራሩን ስትመርጡ

ገበቴው፣ ማለትም ከታች ድምፁን የሚያስተጋባው አካል፣ ከእንጨትም ይሁን ከብረት ሳህን፣ መጀመሪያ የምታዩት ቆዳውን ነው። በጣት ጫፍ መታ መታ አድርጉት። ጠንከር ያለ፣ እንደ ትንሽ ከበሮ የሚመልስ ድምፅ ካለው ጥሩ ነው። ዱብ ብሎ ከቀረ ቆዳው ልል ነው፤ እንዲህ ያለው ክራር ክሩ በተወጠረ ቁጥር ብርኩማው (ክሮቹን ከቆዳው ከፍ አድርጎ የሚይዘው እንጨት) ወደ ውስጥ እየሰመጠ ቅኝት አልይዝ ይላል። ቀጥሎ ከገበቴው ወደ ላይ የሚወጡትን ሁለት ምሰሶዎች በሁለት እጅ ይዛችሁ ቀስ ብላችሁ ወዝውዙ። የሚንቋቋ ከሆነ ተዉት። በመጨረሻ ከብርኩማው እስከ ቀንበሩ፣ ማለትም ክሮቹ ከላይ እስከሚታሰሩበት አግዳሚ እንጨት፣ ያለውን ርቀት በሁለቱም ጫፍ ለኩ። ቀንበሩ ያዘነበለው አንድ ጣት ያህል ብቻ ከሆነ፣ በኋላ ሊስተካከል ይችላል፤ ከዚያ በላይ ከሆነ ምሰሶው ራሱ ጠማማ ነው።

ክሩ ዱሮ ጅማት ነበር፤ ዛሬ በብዛት ናይለን ነው። ከብርኩማ እስከ ቀንበር ግማሽ ሜትር ገደማ ለሆነ ክራር ከ0.7 እስከ 0.45 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው የዓሣ ማጥመጃ ናይለን በደንብ ይሠራል፦ ወፍራሙን ለ1ኛው፣ ቀጭኑን ለ6ኛው፣ ሌሎቹን በመካከል አሰልፏቸው። ስድስቱንም በአንድ ውፍረት ማሰር የተለመደ ስህተት ነው። 1ኛው ክር ረግቦ ይርገበገባል፣ 6ኛው ደግሞ ከልክ በላይ ተወጥሮ ቶሎ ይበጠሳል።

አዲስ ናይለን ሁለት ሦስት ቀን እየተለጠጠ ይረግባል፤ ክራሩ ተበላሽቶ አይደለም። ከቃኛችሁ በኋላ እያንዳንዱን ክር መሃሉ ላይ ይዛችሁ በቀስታ ሳብ አድርጉና እንደገና ቃኙ። የእንጨት መቃኛው እየተንሸራተተ ካስቸገረ ነቅላችሁ ቀዳዳው ውስጥ የሚገባውን ክፍል ጠመኔ ቀቡት።

ቅኝቱ በቁጥር

ስልካችሁ ላይ የመቃኛ አፕ ጫኑ። «ለጊታር» የሚለውን ምርጫ ትታችሁ «ክሮማቲክ» የሚለውን ውሰዱ፤ አለዚያ ወደ ጊታር ክሮች ድምፅ ይጎትታችኋል። የፈረንጅ ፊደሎቹ ካደናገሯችሁ ድምፁን በኸርዝ ቁጥር እንዲያሳይ አድርጉት። ከታች ያሉት ቁጥሮች 1ኛው ክር ዶ ሲሆን የሚሠሩ ናቸው። ክራራችሁ ትልቅና ወፍራም ድምፅ ያለው ከሆነ ሁሉንም በግማሽ ቀንሱ።

ትዝታ ሜጀር መነሻችን ይሁን፦ 1ኛ 262፣ 2ኛ 294፣ 3ኛ 330፣ 4ኛ 392፣ 5ኛ 440፣ 6ኛ 523። ዶ፣ ሬ፣ ሚ፣ ሶል፣ ላ፣ ከዚያ የላይኛው ዶ ማለት ነው። ሌላው ሁሉ ከዚህ እየተነሳ ይቃኛል።

ትዝታ ማይነር፦ 3ኛውን ወደ 311፣ 5ኛውን ወደ 415 አውርዱ። እያንዳንዳቸው የሚወርዱት ግማሽ ቶን ነው፤ ግማሽ ቶን ፒያኖ ላይ ከአንድ ቁልፍ ወደ አጠገቡ ያለው ርቀት ነው፣ ሙሉ ቶን የዚህ እጥፍ ነው።

ባቲ ማይነር፦ ከትዝታ ሜጀር ላይ ሦስቱንም ግማሽ ግማሽ ቶን ከፍ አድርጉ። 2ኛው 311፣ 3ኛው 349፣ 5ኛው 466 ይሆናል።

ባቲ ሜጀር፦ 2ኛው ሙሉ ቶን ወጥቶ 330፣ 3ኛው ግማሽ ቶን ወጥቶ 349፣ 5ኛው ሙሉ ቶን ወጥቶ 494።

አምባሰል፦ 2ኛውን ግማሽ ቶን አውርዱ፣ 277። 3ኛውን ግማሽ ቶን አውጡ፣ 349። 5ኛውን ግማሽ ቶን አውርዱ፣ 415።

አንቺሆዬ፦ 2ኛው 277፣ 3ኛው 349፣ 4ኛው ወርዶ 370፣ 5ኛው ባለበት 440።

ቁጥሩን ከመሸምደድ የሚሻለው ጠባቡ ርቀት የት እንዳለ በጆሮ መያዝ ነው። ጠባብ የምንለው በሁለት ጎረቤት ክሮች መካከል ግማሽ ቶን ብቻ ሲኖር ነው። አምባሰል ላይ ጠባቡ 1 እና 2 እንዲሁም 4 እና 5 መካከል ነው። ከማረፊያው፣ ማለትም ዜማው ከሚያበቃበት 1ኛ ክር፣ ሳይርቅ ወዲያው የሚጨመቀው፣ ያ አምባሰልን አምባሰል የሚያደርገው ድምፅ ይህ ነው። ባቲ ሜጀር ላይ 2 እና 3፣ እንዲሁም 5 እና 6 ናቸው። ትዝታ ማይነር 2 እና 3፣ 4 እና 5። አንቺሆዬ 1 እና 2፣ 3 እና 4። ትዝታ ሜጀርና ባቲ ማይነር ጠባብ የላቸውም፤ ለዚህ ነው ለጀማሪ ጆሮ የሚቀልሉት። ጥንዶቹን አንድ በአንድ ደርድሩና ስሙ፤ ጠባቡ ቦታውን ከሳተ ስልክ ሳታዩ ታውቁታላችሁ።

ስልኩ ግን ዳኛ አይደለም። ቁጥሮቹ ለፒያኖና ለኪቦርድ የተሰሉ ናቸው፤ የባህል ድምፃዊ ደግሞ፣ በተለይ አንቺሆዬ ላይ፣ ከእነሱ ትንሽ ወጣ ወይም ወረድ ይላል። በስልክ ቃኙ፣ ከዚያ አብሯችሁ የሚዘፍነውን ሰው ጆሮ አምናችሁ አስተካክሉ።

ስትቃኙ የሚበላሸው

ክር ስታወርዱ ከሚፈለገው ድምፅ ትንሽ አሳልፋችሁ አውርዱና ከታች ወደ ላይ እየወጠራችሁ ድረሱበት። ከላይ ወርዶ የቆመ ክር መቃኛው ላይ የተደበቀ ልልነት ይዞ ይቀራል፤ በሁለተኛው ዘፈን ይወርድባችኋል።

ወደ ባቲ ሜጀር ስትሄዱ ሦስት ክር ስለሚወጠር ቆዳው ይጫናል። ያልነካችኋቸው 1ኛ፣ 4ኛና 6ኛ ክሮች በጥቂቱ ይወርዳሉ። ሁልጊዜ ሦስቱን አስተካክላችሁ ስትጨርሱ ተመልሳችሁ እነዚህን ፈትሹ፣ ከዚያ ሦስቱን እንደገና። ሁለት ዙር ግድ ነው። ደግሞ ሙሉ ቶን የወጣ ክር የሚሸከመው ውጥረት በሩብ ገደማ ስለሚጨምር ያረጀ 5ኛ ክር በብዛት የሚበጠሰው እዚህ ነው። ባቲ ሜጀር የምታዘወትሩ ከሆነ 5ኛውን ክር አንድ ደረጃ ቀጠን አድርጉት፣ ወይም ጠቅላላ ቅኝቱን በሙሉ ቶን ዝቅ አድርጋችሁ ጀምሩ።

የአየሩም ነገር አለ። ደሴ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ የክረምት ጉም ሲገባ ቆዳው እርጥበት ጠጥቶ ይላላል፣ ብርኩማው ይሰምጣል፣ ክሩ ሁሉ አብሮ ይወርዳል። ያንኑ ክራር በማግስቱ ይዛችሁ ወደ ባቲ ሙቀት ብትወርዱ ቆዳው ደርቆ ይወጠርና ክሩ ሁሉ ይወጣል። ሁሉም እኩል ከወጣ ወይም ከወረደ ጥፋቱ የቆዳው ነው፤ አንዱ ብቻ ከወረደ የመቃኛው ወይም የክሩ ነው። የላላ ቆዳ እሳት ዳር አታስጠጉ፤ ስፌቱ ላይ ይቀደዳል። ደረቅ ክፍል ውስጥ ሌሊቱን ይደር።

አያያዝና ጣት

ክራሩን ጭናችሁ ላይ አድርጋችሁ ወደ ግራ ጎናችሁ አስጠጉት። ግራ እጅ ከክሩ ጀርባ ይገባል፤ ክብደቱን ግን እንዳይሸከም ማንገቻ አድርጉለት። ማንገቻ የሌለው ጀማሪ ክራሩ እንዳይወድቅበት አንጓውን ስለሚያጠብቅ ጣቶቹ ይደርቃሉ።

እዚህ የያዝነው አሰላለፍ ትንሿ ጣት 1ኛውን፣ ቀለበት ጣት 2ኛውን፣ የመሃል ጣት 3ኛውን፣ አመልካች ጣት 4ኛውን፣ አውራ ጣት ደግሞ ለደረት የሚቀርቡትን 5ኛውንና 6ኛውን እንዲይዙ ነው። ክሮቹን በሌላ ቅደም ተከተል የሚያስሩ ጥሩ ተጫዋቾች አሉ። እንዲህ ካለ ሰው የምትማሩ ከሆነ የእሱን ያዙ፤ ሁለቱን ማቀላቀል ብቻ ነው የሚጎዳው።

ድርደራና ግርፍ

ድርደራ እያንዳንዱን ክር ለብቻ በጣት መንካት ነው፤ ለትዝታና ለአምባሰል ይህ ይሻላል። ጣቱ ክሩን ነክሶ ወደ ውጭ እንዳይጎትተው፤ አልፎት ይሂድ። የሚንጫጫ ድምፅ ከመጣ ጥፍራችሁን እዩ። በሦስት ምት ቁጠሩና በትዝታ ሜጀር እንዲህ ውረዱ፦ 6 5 4፣ 5 4 3፣ 4 3 2፣ 3 2 1። መጨረሻው 1 ላይ ሦስቱንም ምት ያዙት። አምባሰል ላይ ደግሞ፦ 1 2 1፣ 3 4 3፣ 4 5 4፣ 3 2 1።

1 ላይ ማረፉ ቀልድ አይደለም። ትዝታ ሜጀር የተቃኘ ክራር ላይ 5ኛው ክር ላይ እያረፋችሁ ከተጫወታችሁ ጆሮ ባቲ ማይነር ይሰማል፤ ድምፆቹ አንድ ናቸው፣ ማረፊያው ብቻ ነው የተለየው። ትዝታ ማይነር ተቃኝቶ 4 ላይ ማረፍም እንዲሁ አምባሰል ይሆናል። «ቅኝቱን አስተካክዬ ዜማው ሌላ ሆነብኝ» የሚል ጀማሪ አብዛኛውን ጊዜ ማረፊያው ጠፍቶበት ነው። የለመደ ተጫዋች ግን ይህንኑ ይጠቀምበታል፦ ሠርግ ላይ መልሶ ለመቃኘት ጊዜ ሲያጣ ማረፊያውን ይቀይራል።

ግርፍ ሌላ ነገር ነው። ቀኝ እጅ በቆዳ ወይም በፕላስቲክ መግረፊያ ስድስቱንም ክር አንድ ላይ ይመታል፤ ዜማውን የሚያወጣው ግራ እጅ ነው። አምስቱም ጣቶች ክሩ ላይ አርፈው ያፍኑታል፣ እንዲሰማ የምትፈልጉት ክር ላይ ያለው ጣት ብቻ ይነሳል። የታፈኑት ክሮች እንደ ጭብጨባ ጭ ጭ ይላሉ፤ ያ ድምፅ ጉድለት አይደለም፣ ምቱ እሱ ነው። ጣት ሲያፍን በደንብ ይረፍ እንጂ አይጫን። ተጭኖ የሚያፍን ጣት ሲነሳ ክሩን ስቦ ራሱ ያስጮኸዋል። የታፈነው ክር ፉጨት የመሰለ ቀጭን ድምፅ ካወጣ ደግሞ ጣታችሁ ልክ በክሩ እኩሌታ ላይ አርፏል፤ እጃችሁን ሁለት ጣት ያህል ወደ ቀንበሩ ከፍ አድርጉ።

መጀመሪያ በአንድ ክር ብቻ ግረፉ፤ አንድ ጣት አንሱ፣ አራት ጊዜ ምቱ፣ መልሱ፣ ቀጣዩን አንሱ። ክር ስትቀይሩ ቀኝ እጅ ካመነታ ፍጥነቱ በዝቷል። በቀን 20 ደቂቃ ሁለት ጊዜ፣ በሳምንት አንድ ጊዜ ከሚደረግ ሦስት ሰዓት ይበልጣል፤ ጣትም አይቆስልም።

ዘፋኝ ስታጅቡ

ቅኝቱን ከመጀመራችሁ በፊት ዘፋኙ 1ኛውንና 6ኛውን ክር በድምፁ ይድረስባቸው። 6ኛው ላይ ጉሮሮው ከተጨነቀ ስድስቱንም እኩል አውርዱ። ግጥሙ ሲባል ክራሩ ይቀንስ፦ 1ን እና 4ን ብቻ እየነኩ ምት መያዝ ይበቃል። ስንኙ አልቆ ዘፋኙ ሲተነፍስ ያኔ ደርድሩ፤ የዜማውን መውረጃ መልሱለት እንጂ አዲስ አትጀምሩ። ድምፅና ክራር በአንድ ሰው እንዴት እንደሚነጋገሩ ለመስማት አስናቀች ወርቁንና ካሳ ተሰማን አዳምጡ፤ የወሎን አዘፋፈን በአምባሰልና በባቲ ለመስማት ደግሞ ማሪቱ ለገሰን። ስታዳምጡ ግጥሙን ተዉትና ስንኝ ሲያልቅ ድምፁ የሚያርፍበትን ክር ፈልጉ።

ክራሩን ለመንገድ ስታዘጋጁ እያንዳንዱን መቃኛ በግማሽ ዙር አላሉ፣ ብርኩማውን ግን አትንቀሉ። ቆዳው ላይ የቆመበትን ቦታ በእርሳስ ምልክት አድርጉበት፤ ከተነቃነቀ በቀላሉ ወደ ቦታው ትመልሱታላችሁ።