መስኮት የሌለው ሻወር ቤት ውስጥ መብራት ሲሄድ

መብራት የሚሄደው ሁልጊዜ ሳሙና ዓይናችሁ ውስጥ ሲገባ ነው። ሳሎን ብትሆኑ ከውጭ ጭላንጭል አይጠፋም፤ መስኮት የሌለው ሻወር ቤት ግን በቀትርም ቢሆን ድቅድቅ ጨለማ ነው። እኔ ባሕር ዳር፣ ሽምብጥ ሰፈር የተከራየሁት ቤት መታጠቢያው ከክፍሎቹ መሃል ነው፣ ወደ ውጭ የሚወጣው የአየር ቱቦ ብቻ ነው። አንዴ ፎጣ ስዳብስ እርጥቡ ሴራሚክ አንሸራተተኝና ሳምንት ሙሉ ሳነክስ ከረምኩ። 460 ሜጋ ዋት የሚያመነጨው የጣና በለስ የኃይል ማመንጫ ጎረቤት ሆነንም ሻማ ከቤታችን አልጠፋም። በነገራችን ላይ ሻማ ይዛችሁ ሻወር እንዳትገቡ፤ መጋረጃው ፕላስቲክ ነው።

መጀመሪያ የገዛሁት ሁሉም ሰው የሚገዛውን፣ ባትሪ ያለውን አምፖል ነበር። ለሳሎን አሪፍ ነው። ለሻወር ቤት ግን አይሆንም፤ ቻርጅ የሚያደርገው ማብሪያው ሲበራ ብቻ ነዋ! የሻወር ቤት መብራት በቀን ግማሽ ሰዓት ቢበራ ነው፣ ስለዚህ ባትሪው እንደተራበ ይኖራል። ሌላም ጣጣ አለው። ብዙዎቹ መብራት መሄዱን የሚለዩት በቤቱ መስመር ላይ ባሉ ሌሎች ዕቃዎች በኩል ስለሆነ፣ ብሬከር ከወረደ ጭራሽ ላይበሩ ይችላሉ።

የሚሻለው ሰው ሲንቀሳቀስ የሚበራ፣ በስልክ ቻርጀር የሚሞላ ትንሽ ኤልኢዲ ነው። ስትገዙ ጨለማ ሲሆን ብቻ የሚበራውን ምረጡ፤ ዋናው መብራት እያለ ዝም ስለሚል ቻርጁ ይበረክታል። ቀለሙ ቢጫ ይሁን፣ 3000 ኬልቪን ወይም ከዚያ በታች። ነጩ ሌሊት ዓይን ይወጋል፣ ጣና ዳር ለምንኖር ደግሞ ነፍሳት ይጠራል።

አሁን የቦታው ነገር። ዕቃው ሳይሆን ብርሃኑ ብቻ መታየት አለበት። እኔ የእጅ መታጠቢያው ሥር፣ ፊቱን ወደ ወለሉ አዙሬ ለጠፍኩት፤ እንግዳ ገብቶ ይወጣል እንጂ አያየውም። ወለሉ ከታየ ደግሞ ሌላ ምን ያስፈልጋል? ከመለጠፋችሁ በፊት ሴራሚኩን በአልኮል ጥረጉና በደንብ ይድረቅ፣ አለዚያ እንፋሎቱ በሳምንቱ ያወርደዋል። ሻወራችሁ የመስታወት በር ካለው ልብ በሉ፤ ሴንሰሩ የሰውነት ሙቀት የሚለይ ስለሆነ በመስታወት ውስጥ አያያችሁም። ያኔ ከፍ አድርጋችሁ፣ ውኃው የማይደርስበት ቦታ ላይ፣ ወደ ውስጥ እንዲያይ አድርጉት። ሽንት ቤት ላይ ዝም ብላችሁ ከተቀመጣችሁ ከጥቂት ሰከንድ በኋላ ይጠፋል፣ እጅ ማወዛወዝ ነው። ምን ይደረግ!

ቤቱ የራሳችሁ ከሆነና ቋሚ ሥራ ከፈለጋችሁ፣ ከመስታወቱ ጀርባ አንድ ሜትር የ12 ቮልት ስትሪፕ ላይት ዘርጉ፣ ውኃ የማያስገባውን ዓይነት። ባትሪውና ቻርጀሩ ከሻወር ቤት ውጭ፣ ኮሪደር ላይ ወይም ቁምሳጥን አናት ላይ ይቀመጡ። ወደ ውስጥ የሚገባው 12 ቮልቱ ብቻ ነው፤ 220ው እርጥበት አጠገብ ምንም ሥራ የለውም። መሃል ላይ ሪሌ፣ ማለትም በኤሌክትሪክ የሚሠራ ማብሪያ ማጥፊያ፣ ይገባል፦ መብራት እያለ ስቦ ይይዛል፣ ሲሄድ ይለቅና ባትሪውን ከስትሪፑ ያገናኛል። በሜትር 4.8 ዋት የሚበላ ስትሪፕ በ7 አምፔር ሰዓት ባትሪ ላይ፣ ግማሹን ብቻ ብትጠቀሙ እንኳ ስምንት ሰዓት ገደማ ይሄዳል። ከባትሪው ፖዘቲቭ ጫፍ አጠገብ የ1 አምፔር ፊውዝ አትርሱ፤ ሰዎች የሚዘሉት ይሄንን ነው። የሪሌውንና የቻርጀሩን የ220 ቮልት ሥራ ለኤሌክትሪሽያን ስጡ።

ከዚያ በወር አንዴ ብሬከሩን አውርዳችሁ፣ በሩን ዘግታችሁ ሞክሩት። ውስጥ ሰው አለመኖሩን ግን ቀድማችሁ ጠይቁ፤ ባለቤቴ ፀጉሯን እየታጠበች ነበር፣ እስካሁን ታነሳብኛለች።