ግፊትዎን ሲቆጣጠሩ የደም ቧንቧዎን እንዴት አብረው ይንከባከባሉ?

ግፊት አለብህ የተባለ ሰው ሐሳቡ ሁሉ ቁጥሩ ላይ ነው። ስንት ሆነ? ወረደ? ቁጥሩ የሚለካው ግን ደም ከልብ ሲወጣ የቧንቧውን ግድግዳ ምን ያህል እንደሚገፋ ነው። ስለ ግፊት ስናወራ ስለ ቧንቧውም ማውራት አለብን።

ከልብ ደም የሚወስዱት ቧንቧዎች (ደም ቅዳዎች) ጤነኛ ሲሆኑ ይለጠጣሉ። ልብ ሲመታ ሰፋ ይላሉ፣ ሲያርፍ ይመለሳሉ። ግፊቱ ለዓመታት ሲበዛባቸው ግን ግድግዳቸው ይወፍርና ይደድራል፣ ፀሐይ ላይ እንደከረመ የውሃ ጎማ። የደደረ ቧንቧ ደግሞ ግፊቱን መልሶ ይጨምረዋል። አንዱ ሌላውን ያባብሳል ማለት ነው።

1. መጀመሪያ በትክክል ይለኩ

ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ጋ ነው። ከመለካትዎ በፊት ለ30 ደቂቃ ቡና አይጠጡ፣ ሲጋራ አያጭሱ። ሽንት ቤት ደርሰው ይምጡ። ጀርባዎን ወንበሩ ላይ አስደግፈው፣ እግርዎን ሳያነባብሩ መሬት ላይ አሳርፈው 5 ደቂቃ ይቀመጡ። ክንድዎን ጠረጴዛ ላይ በልብዎ ትክክል ያድርጉ። መጠምጠሚያው በልብስ ላይ ሳይሆን በባዶ ክንድ ላይ፣ ከክርን እጥፋት ሁለት ጣት ያህል ከፍ ብሎ ይታሰር። ለወፍራም ክንድ ጠባብ መጠምጠሚያ ከተጠቀሙ ቁጥሩ ከእውነቱ በላይ ይወጣል። እየለኩ ማውራትም እንዲሁ ከፍ ያደርገዋል።

ከ1 ደቂቃ በኋላ ይድገሙት። ጠዋትና ማታ ለ7 ቀን ለክተው ደብተር ላይ ይጻፉ። የመጀመሪያው ቀን ብዙ ጊዜ ከፍ ስለሚል እሱን ትተው የቀሩትን አማካይ ያውጡ። ቤት ውስጥ አማካዩ 135/85 ወይም ከዚያ በላይ ከሆነ ሐኪም ይዩ።

አንዴ ሁለቱንም ክንድ ይለኩ። በላይኛው ቁጥር ላይ በተደጋጋሚ ከ15 በላይ ልዩነት ካለ አንዱ ቧንቧ ጠቦ ሊሆን ስለሚችል ለሐኪሙ ይንገሩ።

2. ሁለቱንም ቁጥሮች ያንብቡ

የላይኛው ልብ ሲመታ፣ የታችኛው ሲያርፍ ያለው ግፊት ነው። ዕድሜ ሲገፋ ብዙ ጊዜ የላይኛው ብቻ ይጨምራል። ለምሳሌ 165/70 ሊሆን ይችላል። «የታችኛው ደህና ነው» ብሎ መተው ትልቅ ስህተት ነው። እንዲህ የተራራቁ ቁጥሮች ብዙ ጊዜ ትልልቆቹ ቧንቧዎች መደደራቸውን ያሳያሉ።

3. ጨውን ከምንጩ ይቀንሱ

የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂ የሚመክረው በቀን ከ5 ግራም በታች ነው። አንድ የሻይ ማንኪያ እንኳ አይሞላም። ወጥ ላይ የምንነሰንሰው ብቻ አይደለም ጨው። በርበሬው፣ ሚጥሚጣው፣ ሽሮው ሲዘጋጅ ጨው ይገባበታል። ቤት ውስጥ ግፊት ያለበት ሰው ካለ፣ በርበሬና ሽሮ ሲፈጭ ጨው እንዳይገባ ማድረግ በየቀኑ ድስት ላይ ከመከራከር ይሻላል። ወጡ የሚጎድለውን ጣዕም ነጭ ሽንኩርት፣ ዝንጅብልና ሎሚ ይሞሉታል።

ቅቤና ጮማም ይቀንሱ። ኮሌስትሮልና ስኳር የቧንቧውን የውስጥ ሽፋን ስለሚጎዱ ሁለቱንም ይመርመሩ።

4. በፍጥነት ይራመዱ

ሲራመዱ ደሙ ፈጠን ብሎ ይፈስሳል። ያኔ የቧንቧው የውስጥ ሽፋን ናይትሪክ ኦክሳይድ የሚባል ንጥረ ነገር ያመነጫል፤ ቧንቧው ላላ፣ ሰፋ ይላል። በሳምንት 5 ቀን፣ 30 ደቂቃ ያህል ይበቃል። ፍጥነቱ ማውራት የሚያስችል፣ መዝፈን ግን የሚያቅት ይሁን። ሲራመዱ ባትዎን እያመመዎት ቆም ሲሉ የሚለቅዎት ከሆነ የእግር ቧንቧ ጠቦ ሊሆን ስለሚችል ይመርመሩ።

5. ቧንቧ የሚጎዳውን ያርቁ

ሲጋራ ቀንደኛው ነው፤ ቀንሶ ሳይሆን ጨርሶ መተው ያስፈልጋል። ጫትና አልኮልም ግፊት ይጨምራሉ። ብዙዎች የማያውቁት ደግሞ ለወገብና ለጉልበት ሕመም ከፋርማሲ የምንገዛቸው ዳይክሎፌናክና አይቡፕሮፌን ግፊትን ከፍ እንደሚያደርጉ ነው። ሲገዙ «ግፊት አለብኝ» ይበሉ።

6. መድኃኒቱን ራስ ምታት አይጠብቁበት

«ራሴን ሲያመኝ እወስዳለሁ» የሚለው ልማድ እጅግ ያሳስበኛል። ከፍ ያለ ግፊት አብዛኛውን ጊዜ ምንም ሳያሳምም ነው ቧንቧን የሚጎዳው። አምሎዲፒን የቧንቧውን ጡንቻ ያላላል። ኢናላፕሪል ቧንቧ የሚያጠበውን ሆርሞን ይቀንሳል። ሃይድሮክሎሮታያዛይድ ትርፍ ጨውና ውሃ በሽንት ያስወጣል። ሦስቱም በየቀኑ ካልተወሰዱ በቋሚነት አይሠሩም።

አምሎዲፒን ቁርጭምጭሚት ሊያሳብጥ፣ ኢናላፕሪል ደረቅ ሳል ሊያመጣ ይችላል። ያኔ መድኃኒቱን መተው ሳይሆን ሐኪሙ እንዲቀይርልዎት መጠየቅ ነው። ለማርገዝ ያሰቡ ወይም ያረገዙ ሴቶች ኢናላፕሪል ስለማይወሰድ ቶሎ ለሐኪም ይንገሩ። ጾም ሲገባም መድኃኒቱን ከማቋረጥዎ በፊት የሚወስዱበት ሰዓት ወደ ማታ ይዞር እንደሆነ ሐኪሙን ይጠይቁ፤ በቀን አንዴ የሚወሰዱት ብዙዎቹ ለዚህ አያስቸግሩም።

ግፊቱ 180/120 ከደረሰና የደረት ሕመም፣ የትንፋሽ ማጠር፣ የፊት መጣመም፣ የአንድ ወገን መዛል ወይም የአንደበት መተሳሰር ካለ፣ በድጋሚ እየለኩ ጊዜ አያባክኑ። ወዲያው ድንገተኛ ክፍል ይሂዱ።