ከጅማ ተነስቶ ሃርቢን የበረዶ ፌስቲቫል ለሚሄድ፦ ችግርና መፍትሄ

የሰፈራችን ልጅ ቻይና የትምህርት ዕድል አግኝቶ "ሃርቢን ሄጄ የበረዶ ሐውልት አያለሁ፣ ምን ልያዝ?" አለኝ። እኔም እዚያ ስማር ሄጄ ጉድ ሆኛለሁ። ጅማ በረዶ የምናውቀው ቆርቆሮ ላይ ሲንጣጣ ነው፤ ልጆች ለቅመው ይበሉታል፣ አለቀ። ሃርቢን ግን ማታ ከዜሮ በታች 25 ዲግሪና ከዚያም በላይ ይወርዳል፤ ሶንግሁዋ ወንዝ ራሱ ይጋገርና በመጋዝ እየቆረጡ ግንብ ይገነቡበታል። ፌስቲቫሉ በ1977 ዓ.ም. ነው የተጀመረው፤ በይፋ የሚከፈተው ጃንዋሪ 5፣ ከእኛ ገና ሁለት ቀን ቀድሞ። እዚያ የሄደ ሰው የሚያማርረውን አንድ በአንድ ከነመፍትሄው እነሆ።

ደራርቤ ለብሼ በረደኝ። ጥፋተኛው ላብ ነው። እኔ እናቴ የሸከፈችልኝን ጋቢ ከጃኬት ስር ጠቅልዬ ወጣሁ። ስራመድ አላበኝ፣ ጥጡ ላቡን ጠጣ፣ ከዚያ ለትኬት ሰልፍ ስቆም ጀርባዬ ላይ እርጥብ ፎጣ የተነጠፈ መሰለኝ። ከውስጥ ጥጥ አትልበሱ። ሱፍ ወይም የስፖርት ልብስ ዓይነት ቶሎ የሚደርቅ ይሁን፣ ከላዩ ሹራብ፣ ከዚያ ንፋስ የማያስገባ ጃኬት። ስትራመዱ ዚፑን ከፈት፣ ስትቆሙ ዝግት።

እግሬ ደነዘዘ። ሦስት ካልሲ በጠባብ ጫማ አድርጋችኋል ማለት ነው። ደም አይዘዋወርም፣ ላቡም መውጫ የለውም፤ ሳይደርቅ ጆንያ ውስጥ የገባ ቡና ምን እንደሚሆን ለጅማ ሰው አልነግርም። አንድ ወፍራም የሱፍ ካልሲ፣ ሰፋ ያለ ጫማ፣ ቦርሳ ውስጥ ደረቅ ቅያሪ። እዚያ የሚሸጠውን የሚለጠፍ ማሞቂያ ካልሲው ላይ እንጂ ቆዳ ላይ አትለጥፉት፣ ያቃጥላል። ጣታችሁ ነጥቶ ስሜት ካጣ ወዲያው ቤት ግቡ፤ አትሹት፣ እሳትም አታሙቁት፣ ለብ ያለ ውሃ ውስጥ ንከሩት፣ ካልተመለሰ ሐኪም ጋ።

ስልኬ 40 ፐርሰንት እያለው ጠፋ። አልተበላሸም። ባትሪው በብርድ ስለሚዳከም ነው። ደረታችሁ ጋ፣ የውስጥ ኪስ ውስጥ ያዙት፤ ከጠፋ ሳይሞቅ ቻርጅ አታድርጉ። ይሄን ቀላል እንዳታደርጉት፣ ቻይና ሻይም ታክሲም የሚከፈለው በስልክ ነው፣ ስልኩ ሲሞት እናንተም ኪሳችሁ ባዶ ነው፤ እኔ ትኩስ ድንች የምትሸጥ ሴትዮ ፊት ቆሜ እጄን ሳሻሽ አስቡት። ትንሽ የቻይና ጥሬ ገንዘብ ያዙ።

ካሜራዬ ጉም ለበሰ። ከብርድ ወደ ሙቅ ክፍል ስትገቡ ሌንሱ ላይ እርጥበት ያርፋል። ውጭ እያላችሁ ፌስታል ውስጥ ቋጥሩት፤ እስኪሞቅ አትፍቱት።

ሐውልቱ ፎቶው ላይ እንዳየሁት አይደለም። በቀን ሄዳችሁ ነዋ! የግግር በረዶው ውበት ውስጡ በሚበራው መብራት ነው። በእኛ አቆጣጠር 10 ሰዓት አካባቢ ስለሚጨልም 9 ሰዓት ግቡ፣ ሁለቱንም ታያላችሁ። የፀሐይ ደሴት በሚባለው የሃርቢን ፓርክ ያሉት የአመዳይ ሐውልቶች ግን በቀን ነው የሚያምሩት።

ተንሸራተትኩ። እዚህስ በሐምሌ ጭቃ እንዴት ነው የምትራመዱት? ጉልበት ሸብረክ፣ እርምጃ አጠር፣ እጅ ከኪስ ውጪ።

ልጁ ይህን ሁሉ ጽፎ ሲጨርስ "ጋቢውስ?" አለኝ። ማደሪያው ማሞቂያ ስላለው አያስፈልግህም አልኩት። እናቱ ግን ሻንጣው ውስጥ ከታች አድርጋዋለች።