‹‹አንዱ ፎቶ ስንት ነው?›› ለሚል ደንበኛ የሬንደር ዋጋ አወጣጥ

በአዲስ አበባ በግሉ የስሪዲ ሥራ የሚሠራ፣ ማለትም ገና ያልተሠራን ሕንፃ በኮምፒውተር ሞዴል ገንብቶ ምስሉን (ሬንደሩን) የሚያወጣ ባለሙያ ስልኩ ሲጠራ ብዙውን ጊዜ ቀድሞ የሚሰማው ጥያቄ ‹‹አንዱ ፎቶ ስንት ነው?›› የሚል ነው። ለዚህ ጥያቄ ወዲያውኑ ቁጥር መጥራት ኪሳራ ያመጣል፤ ከፍተኛው ድካም የሚወጣው ምስሉ ከመውጣቱ በፊት በሚገነባው ሞዴልና ምስሉ ከወጣ በኋላ በሚከተለው ማስተካከያ ላይ ነውና። ለደንበኛው የሚነገረው ዋጋ በምስል ቢሆንም እንኳ ባለሙያው በራሱ ደብተር ላይ በሰዓት ማስላት ይኖርበታል።

አስቀድመው የሰዓት ዋጋዎን ይወቁ። ለስሌት ያህል ለኑሮው በወር 60,000 ብር የሚያስፈልገውን ባለሙያ እንውሰድ፤ አሃዙን እያንዳንዱ አንባቢ በራሱ ይተካው። ኮምፒውተሩ 360,000 ብር ካወጣና በ3 ዓመት የሚተካ ከሆነ በየወሩ 10,000 ብር ሊመልስ ይገባል። ለመብራት፣ ለኢንተርኔትና ለዩፒኤስ 5,000 ብር፣ ለሶፍትዌርና ተዘጋጅተው ለሚሸጡ የዛፍ፣ የመኪናና የቤት ዕቃ ሞዴሎች ሌላ 5,000 ብር ሲጨመር ድምሩ 80,000 ይሆናል። ለግብር፣ እንዲሁም ሥራ ለሚጠፋባቸው ሳምንታት 20,000 ቢታከልበት 100,000 ብር ይሞላል። በቀን 8 ሰዓት፣ በወር 22 ቀን የሚሠራ ሰው 176 ሰዓት አለው፤ ነገር ግን ደንበኛ ለማነጋገር፣ ፕሮፎርማ ለመጻፍ፣ ቀሪ ክፍያ ለመከታተልና የሄደው መብራት እስኪመጣ ለመጠበቅ የሚያልፈው ጊዜ ሲቀነስ፣ በእኔ ግምት ክፍያ የሚያስገኘው ከ100 ሰዓት አይበልጥም። በዚህ ስሌት የሰዓቱ ዋጋ 1,000 ብር ነው። እንደ ብሌንደር ያለ ነጻ ሶፍትዌር የሚጠቀም ሰው ወጪው ቢያንስም ኮምፒውተሩን በነጻ አያገኝም። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የምንዛሪ ተመን በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ 57 ብር ገደማ የነበረው የባንክ ዶላር በሳምንታት ውስጥ 100 ብርን ማለፉን ያየ ሁሉ፣ የግራፊክስ ካርዱን በገዛበት ሳይሆን በሚተካበት ዋጋ ማስላት አለበት።

አሁን አንድ ጂ+4 ሕንፃ ይምጣልዎት እንበል። ከፕላን፣ ከኤሌቬሽን (የውጭ ገጽታ ሥዕል) እና ከሴክሽን (የቁርጥ ሥዕል) ተነሥቶ ሞዴሉን ለመገንባት 20 ሰዓት፣ ለማቴሪያል (ሞዴሉ ለሚለብሰው ቀለም፣ ድንጋይና መስታወት) እና ለብርሃን 8 ሰዓት፣ ለአካባቢው ማለትም ለጎረቤት ሕንፃዎች፣ ለመንገዱና ለዛፎቹ 6 ሰዓት፣ ለሁለት ዙር ማስተካከያ 8 ሰዓት ቢወስድ 42 ሰዓት ይሆናል። ከዚያ በኋላ እያንዳንዱ እይታ ለካሜራ አቀማመጥና ለመጨረሻ ማሳመሪያ 4 ሰዓት ይፈልጋል። እንግዲህ አንድ እይታ ብቻ የሚፈልግ ደንበኛ 46,000 ብር ሲከፍል፣ ሦስት እይታ የሚፈልገው 54,000 ብር፣ ማለትም ለአንዱ 18,000 ብር ይከፍላል። ‹‹አንዱ 18,000 ነው›› ብለው አስቀድመው ቢናገሩና ደንበኛው ‹‹እንግዲያው አንዱን ብቻ ሥራልኝ›› ቢልዎት 28,000 ብር ከኪስዎ ወጣ ማለት ነው። ስለዚህ ፕሮፎርማው ላይ የሞዴል ዋጋና የተጨማሪ እይታ ዋጋ ለየብቻ ይጻፍ። ደንበኛው ዋጋው በዛብኝ ካለ የሰዓቱን ዋጋ አይንኩ፤ ሥራውን ይቀንሱ። አርክቴክቱ በአርኪካድ ወይም በሬቪት የሕንፃ ንድፍ ሶፍትዌር የሠራው ንጹሕ ሞዴል ካለው የ20 ሰዓቱ ሥራ ወደ 6 ሰዓት ሊወርድ ስለሚችል፣ ፋይሉን ከፍተው ካዩ በኋላ 14,000 ብር ቢቀንሱ አይጎዱም። ፋይሉን ሳያዩ ግን ቃል አይግቡ፤ ‹‹ንጹሕ ሞዴል›› የተባለው ግድግዳው ተደራርቦ፣ መስኮቱ አየር ላይ ተንሳፍፎ የሚመጣበት ጊዜ ብዙ ነው።

ሥራ በጀመርኩባቸው ዓመታት ከሕንፃው ባለቤት ጋር በቃል ብቻ ተስማምቼ የያዝኩት አንድ ሥራ አሥራ አንድ ጊዜ ተመላልሶብኛል። ቆይቶ እንደገባኝ ባለቤቱ ምስሉን እያየ ሕንፃውን እንደ አዲስ ይነድፍ ነበር። ከዚያ ወዲህ ለውጥን ሁሉ በሦስት እከፍላለሁ፦ ከሥዕሉ ጋር ያልተጣጣመው የእኔ ስህተት ስለሆነ ያለ ክፍያ ይታረማል፤ የቀለም፣ የድንጋይ ወይም የሰማይ ምርጫ ከሁለቱ ዙር ይቆጠራል፤ የበረንዳ፣ የጣሪያ ወይም የፎቅ ለውጥ ግን አዲስ ሥራ ስለሆነ በሰዓት ይከፈልበታል። ማቴሪያል ከመልበሱ በፊት ነጩን ሞዴልና የካሜራውን አቅጣጫ ልኮ ማረጋገጫ በጽሑፍ መቀበልም ከብዙ ክርክር ያድናል፤ የቴሌግራም መልእክትም ቢሆን ይበቃል።

የምስሉ መጠንም ዋጋ አለው። ከ1920 በ1080 ፒክስል ወደ 3840 በ2160 ሲያድግ የፒክስሉ ብዛት አራት እጥፍ ስለሚሆን፣ እንደ ቪሬይና ኮሮና ባሉ ምስል አውጪ ሶፍትዌሮች ጊዜውም ወደዚያው ይጠጋል። አኒሜሽን ደግሞ ከዚህ ይብሳል፦ በሰከንድ 25 ፍሬም (ነጠላ ምስል) የሚሄድ የ30 ሰከንድ ቪዲዮ 750 ፍሬም ነው፤ አንዱ 4 ደቂቃ ቢፈጅ ማሽኑ 50 ሰዓት ይያዛል። ምስልን በፍጥነት በሚያወጣው በሉሚዮን ሶፍትዌር የሚሠራ ሰው ይህን ያህል አይጠብቅም። ማሽኑ ሲሠራ እርስዎ ተኝተው ሊሆን ስለሚችል የማሽኑን ሰዓት በራስዎ ሰዓት ዋጋ ማስከፈል አይገባም፤ እኔ አንድ አሥረኛውን እወስዳለሁ።

ክፍያውን በተመለከተ ግማሹን ሥራ ሳይጀመር፣ 30 በመቶውን ነጩ ሞዴል ሲጸድቅ፣ ቀሪውን 20 በመቶ ዋናው ምስል ከመላኩ በፊት ይቀበሉ፤ እስከዚያው የሚላከው አነስተኛና የውሃ ምልክት (በላዩ ደብዘዝ ብሎ የታተመ ስም) ያለበት ምስል ነው። ደንበኛው ድርጅት ከሆነ ዋጋው 15 በመቶ ቫትን ይጨምር እንደሆነ፣ ድርጅቱም ከክፍያው ላይ ቀድሞ የሚያስቀረው ግብር መኖሩን ከፊርማ በፊት ይጠይቁ። ፕሮፎርማው የሚጸናበት ቀን ይኑረው፤ 15 ቀን በቂ ነው። ባለሙያና ደንበኛ በሚገናኙበት የፋይቨር ድረ ገጽ በኩል ለውጭ አገር ደንበኛ የሚሠሩ ከሆነ ድረ ገጹ 20 በመቶ ስለሚቀንስ፣ 400 ዶላር እንዲቀርልዎት 500 ዶላር መጠየቅ ይኖርብዎታል፤ ባንክ ወይም ገንዘብ አስተላላፊው የሚወስደው ከዚያ ውጭ ነው።