የሳንባ ምች ሲጠረጠር የቤት ውስጥ ዕፅዋትን ከሕክምና ጋር እንዴት መጠቀም ይቻላል

በፒያሳም ሆነ በአራት ኪሎ፣ ክረምቱ ገብቶ ሳል ሲበረታ ከሁሉ አስቀድሞ የሚጣደው ዝንጅብል ወይም ጦስኝ ነው። ልማዱ የሚነቀፍ አይደለም፤ ሕመሙ በባክቴሪያ የመጣ የሳንባ ምች ሊሆን እንደሚችል ከተጠረጠረ ግን ሰዓት ይዞ ትንፋሽ መቁጠር ይቀድማል።

ሕፃኑ በማያለቅስበትና በማይጠባበት ጊዜ ደረቱን ገልጦ ሙሉ 1 ደቂቃ መቁጠር ያስፈልጋል። ከ2 እስከ 11 ወር ያለ ሕፃን በደቂቃ 50፣ ከ1 እስከ 5 ዓመት ያለ ደግሞ 40 ጊዜ ወይም ከዚያ በላይ ከተነፈሰ ሳይውል ሳያድር ወደ ጤና ጣቢያ ይወሰድ። ዕድሜው ከ2 ወር በታች ሆኖ 60 እና ከዚያ በላይ የሚተነፍስ፣ ሲተነፍስ የታችኛው የደረቱ ክፍል ወደ ውስጥ የሚሰረጉድ፣ መጥባት ወይም መጠጣት ያቃተው፣ ወይም ከንፈሩ የጠቆረ ከሆነ ግን ወደ ራስ ደስታ፣ ወደ የካቲት 12 ወይም በቅርብ ወዳለ ሌላ ሆስፒታል በዚያው ሰዓት መሄድ ግድ ነው። በአዋቂ ሰው ላይም በደቂቃ 30 እና ከዚያ በላይ መተንፈስ፣ እንዲሁም በተለይ በአረጋውያን ላይ የሚታይ ድንገተኛ መደናገር፣ ተመሳሳይ ጥድፊያ ይፈልጋል።

ዕፅዋቱ ኃይል የላቸውም ማለት አይደለም። ነጭ ሽንኩርት ሲደቆስ የሚፈጠረው አሊሲን፣ በጦስኝ ዘይት ውስጥ የሚገኙት ታይሞልና ካርቫክሮልም በላቦራቶሪ ሳህን ላይ ብዙ ዓይነት ባክቴሪያዎችን ይገድላሉ፤ የጦስኙ ውሕዶች ይህን የሚያደርጉት የባክቴሪያውን ሽፋን በማናጋት ነው። የእርዱ ኩርኩሚንና የጥቁር አዝሙዱ ታይሞኪኖንም በሙከራ እንስሳት ላይ የሳንባን ብግነት ሲያበርዱ ታይተዋል። ችግሩ ያለው ከሳህኑ እስከ ሰው ሳንባ ባለው መንገድ ላይ ነው። አሊሲን ከተዋጠ በኋላ ወዲያው ወደ ሌሎች ውሕዶች ስለሚለወጥ በደም ውስጥ እምብዛም አይገኝም፤ ኩርኩሚንም ከአንጀት ወደ ደም የሚያልፈው እጅግ ጥቂት ነው። ስለዚህ ባክቴሪያውን የማጥፋቱ ሥራ የአንቲባዮቲክ፣ ለሕፃናትም በአብዛኛው የአሞክሳሲሊን ሲሆን፣ ትኩሳቱ ቢበርድም የታዘዘው ሁሉ ተወስዶ ማለቅ አለበት። ለምች የሚጨመቀው ዳማከሴም በዚህ መድኃኒት ቦታ ሊገባ አይችልም።

የዕፅዋቱ ድርሻ ጉሮሮን ማለስለስና ሕመምተኛው ፈሳሽ እንዲጠጣ ማገዝ ነው፤ ለዚህም ቢሆን አዘገጃጀቱን ማወቅ ይጠቅማል። ለጦስኝ ሻይ አንድ የሻይ ማንኪያ ደረቅ ቅጠል በፈላ ውኃ ላይ ተጨምሮ ለ10 ደቂቃ ያህል ይከደናል፤ ክዳን ከሌለው ተፈላጊው ዘይት ከእንፋሎቱ ጋር ይተናል። አሊሲን ሽንኩርቱ ሲደቆስ የሚፈጠርና ሙቀት የሚያስቀረው በመሆኑ፣ ነጭ ሽንኩርት ደቁሶ ጥቂት ደቂቃ ካቆዩ በኋላ ለብ ያለ ምግብ ላይ መጨመር ከማፍላቱ ይሻላል። ማር ሳልን ያስታግሳል፤ ዕድሜው ከ1 ዓመት በታች ለሆነ ሕፃን ግን ቦቱሊዝም የተባለውን አደገኛ መመረዝ ሊያስከትል ስለሚችል በፍጹም አይሰጥም። የጣዝማ ማር ስሙ ቢገንም ዋጋው ውድ ነው፤ ተራው ማር ይበቃል፣ የተረፈው ገንዘብ ለመድኃኒቱ ቢውል ይመረጣል።

የባሕር ዛፍ እንፋሎት መታጠን በከተማችን የተለመደ ቢሆንም፣ የፈላ ውኃ ፊት ልጅን ማስቀመጥ የሚያስከትለው ቃጠሎ ከሚሰጠው እፎይታ ይብሳል፤ የባሕር ዛፍ ዘይት መጠጣት ደግሞ መርዝ ነው፣ በልጆች ላይ የሚጥል ሕመም እስከማስነሳት ይደርሳል። ነፍሰ ጡሮች ጤና አዳምን ጨምቀው ወይም አፍልተው ከመጠጣት ይቆጠቡ፤ ማኅፀንን ሊያነሣሣ ይችላል። ደም የሚያቀጥነውን ዋርፋሪን የሚወስዱ ሰዎች ነጭ ሽንኩርት፣ ዝንጅብልና እርድ በብዛት ከተጠቀሙ የመድማት ሥጋታቸው ይጨምራል። ዶክሲሳይክሊን የታዘዘለት ሰው መድኃኒቱን በወተት ሳይሆን በውኃ መዋጥ አለበት፤ ካልሲየሙ መድኃኒቱ ወደ ደም እንዳይገባ ይቀንሰዋል። የጠጡትን ሁሉ፣ «የባህል ነው» ብለው ሳያፍሩ፣ ለሐኪሙ መንገር ያስፈልጋል።

አንቲባዮቲክ ከተጀመረ ከ2 እስከ 3 ቀን ውስጥ ለውጥ ካልታየ ሌላ ቅጠል ከመፈለግ ይልቅ ወደ ሐኪሙ መመለስ ይገባል፤ ሳሉ 2 ሳምንት ካለፈው ደግሞ የሳንባ ነቀርሳ እንዳይሆን የአክታ ምርመራ መጠየቅ ያስፈልጋል።