ሶፍትዌር ሲወድቅ፦ ከሕያው ሕዋስ የሚገኙ መፍትሔዎች

ሕዋስ ዘረመሉን ሲገለብጥ ይሳሳታል። ገልባጩ ኢንዛይም በ100,000 ፊደላት አንዱን ገደማ ይስታል፤ የራሱ እርማትና ከኋላው የሚከተለው ጥገና ግን ስሕተቱን በቢሊዮን ፊደላት ወደ አንድ ገደማ ያወርዱታል። ብዙ ሶፍትዌር የሚሠራው ስሕተት ፈጽሞ አይገባም በሚል ተስፋ ነው፤ የሚከተሉት ችግሮች የሚመጡትም ከዚሁ ተስፋ ነው።

ምልክት፦ አንድ ትንሽ ክፍል ሲበላሽ አገልግሎቱ በሙሉ ይቆማል።
መንስኤ፦ ክፍሎቹ ሜሞሪ ይጋራሉ፤ የአንዱ ብልሽት ወደ ሌላው ይሻገራል። ስሕተቱን በዝምታ የሚውጥ ኮድ መጨመር ደግሞ ነገሩን ያብሰዋል። ፕሮግራሙ አይቆምም፤ ነገር ግን የተሳሳተ ሒሳብ እያወጣ ይቀጥላል። እኔ የቆመውን እመርጣለሁ።
መፍትሔ፦ የተበላሸው ክፍል ይሙት። ዘረመሉ ከጥገና በላይ የተጎዳ ሕዋስ ብዙውን ጊዜ ራሱን ያጠፋል፤ ይህ ሥርዓት ሲከሽፍ ለካንሰር መንገድ ይከፈታል። በፈረንጆች 1980ዎቹ በስዊድኑ የቴሌኮም ኩባንያ በኤሪክሰን የተፈጠረው የኤርላንግ የፕሮግራም ቋንቋ የሚከተለው ተመሳሳይ መንገድ ነው፦ ሂደቶቹ (በየራሳቸው የሚሠሩት የፕሮግራም ክፍሎች) ሜሞሪ አይጋሩም፤ አንዱ ሲወድቅ ተቆጣጣሪው ከንጹሕ መነሻ እንደገና ያስጀምረዋል። ለዳግም ማስጀመሩ ገደብ አብጁለት፤ አለዚያ ሲወድቅና ሲነሣ ይውላል።

ምልክት፦ ሲጀምር ደኅና ነው፤ ከቀናት በኋላ ይዛባል።
መንስኤ፦ የጥቃቅን ስሕተቶች ክምችት። በፈረንጆች የካቲት 25 ቀን 1991 በሳዑዲ ዓረቢያ ዳህራን የነበረው የአሜሪካ ፓትሪዮት ፀረ ሚሳይል መከላከያ 100 ሰዓት ያህል ሳይጠፋ በመቆየቱ ሰዓቱ በሰከንድ ሲሶ ገደማ ተዛንፎ ነበር። ከኢራቅ የተተኮሰውን ሚሳይል ሳተው፤ 28 የአሜሪካ ወታደሮች ሞቱ።
መፍትሔ፦ ቀይ የደም ሕዋስ 120 ቀን ገደማ ሠርቶ ይወገዳል። ሰርቨሮችንም በየተራ አድሱ፤ መንስኤውን መፈለጋችሁን ግን አታቁሙ።

ምልክት፦ መጠባበቂያው ከዋናው ጋር አብሮ ይወድቃል።
መንስኤ፦ ሁለቱም የሚያሄዱት አንድ ኮድ ነው። በፈረንጆች 1996 የአውሮፓው አሪያን 5 ሮኬት በተነሣ 40 ሰከንድ ገደማ ውስጥ የጠፋው፣ ሁለቱም የአቅጣጫ መለኪያዎች በተመደበለት የ16 ቢት ቦታ በማይያዝ በአንድ ዓይነት ትልቅ ቁጥር ስለወደቁ ነው።
መፍትሔ፦ ልዩነት። የበሽታ መከላከያ ዘረመሎች ከሰው ሰው ስለሚለያዩ ተሕዋስያን ሁሉን በእኩል አያጠቁም። በሶፍትዌር ይህ ውድ ነው፤ ሕይወት ለሚያሰጋ ሥራ ብቻ አውሉት።

ምልክት፦ ከመቋረጥ የተመለሰ ሰርቨር ወዲያው ይወድቃል።
መንስኤ፦ ደንበኛ ፕሮግራሞች ሁሉ በአንድ ጊዜ ደጋግመው ይጠይቁታል።
መፍትሔ፦ በየሙከራው የሚረዝም፣ በዘፈቀደ የሚለያይ የጥበቃ ጊዜ።